ጋምቤላ ተሸጣ ነበርን?

ወዳጆች ቡና ከበው ሲጨዋወቱ ወሬው በአንድ ቦታ አይረጋም። ከበቆሎ ዋጋ ይነሳል፤ ወደ ዝናቡ መዘግየት ያመራል፤ ከዚያም አንዱ «ለመሆኑ…» ይልና ታሪክ ይገባበታል። ባሮ ዳር በተቀመጠችው ጋምቤላም ሆነ ስለ ጋምቤላ በሚወራበት ሌላ ስፍራ፣ ጨዋታው ሲደራ ብዙ ጊዜ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይህች ከተማ የእንግሊዝ ነበረች ይባላል፤ እውነት ነው?»

መልሱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ምኒልክ ለእንግሊዝ ሸጠዋት ነበር» ይላል። ሌላው ደግሞ «ከጣሊያን ወረራ በቀር ይህን መሬት የባዕድ እጅ ነክቶት አያውቅም» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም የእውነቱን ግማሽ ይዘዋል፤ ክርክሩም በዚያው ግማሽ ላይ ቆሞ ይቀራል። እስቲ ሌላውን ግማሽ እንፈልግ።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1902) ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ ውል ተፈራረሙ። የውሉ ዋና ጉዳይ በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ያለውን ወሰን መለየት ነበር። አራተኛው አንቀጽ ግን ስለ ባሮ ይናገራል። በኢታንግ አቅራቢያ፣ በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ ርዝመት፣ በጠቅላላው ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቀዱ። ቦታው የንግድ ጣቢያ ብቻ ይሆናል፤ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ አይውልም። ኪራዩም የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነው።

እንግዲህ ስፋቱ ተለክቶ፣ ተግባሩ ተወስኖ፣ የማብቂያው ምክንያት አስቀድሞ የተጻፈበት ነገር ሽያጭ አይባልም፤ ኪራይ ነው። «የባዕድ እጅ አልነካውም» ማለትም አይቻልም። ለብዙ ዓመታት በዚያ የወንዝ ዳር ቦታ ላይ ሥራውን ይመራ የነበረው የሱዳን መንግሥት ሹም ነበርና።

ውሉ «ኢታንግ አቅራቢያ» ካለ፣ ጣቢያው ከወንዙ ወደ ላይ ርቆ ጋምቤላ ላይ የተተከለው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ታሪክ ከተፈጥሮ ሳይንስ ጋር ይገናኛል። የባሮ ውኃ የሚመጣው ከምዕራቡ ደጋ፣ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ተራሮች ነው። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ስትሆን ጋምቤላ ወደ 500 ሜትር ዝቅ ትላለች። በደጋው ወንዙ በድንጋይ መካከል እየተወረወረ ይወርዳል፤ መርከብ አያስወጣም። ጋምቤላ ሲደርስ ግን ሜዳ ያገኝና ይረጋል፤ ከዚያም እየተጠማዘዘ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፤ ሶባትም ማላካል አጠገብ ከነጭ ዓባይ ይቀላቀላል። ስለዚህ ከካርቱም የተነሳ የእንፋሎት መርከብ ወደ ኢትዮጵያ ተራሮች እጅግ ተጠግቶ ሊቆም የሚችልበት ቦታ ጋምቤላ ነበር። ወደቡን የመረጠው የወንዙ ቁልቁለት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የንግዱን ዘመቻ የሚወስነውም ያው ወንዝ ነበር። በደጋው ክረምት ሲገባ ባሮ ይሞላል፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ መርከብ ይመላለሳል። በጋ ሲሆን ውኃው ይሸሻል፤ አሸዋው ብቅ ይላል፤ መርከቡም ቀጣዩን ክረምት ይጠብቃል። ነጋዴው ቡናውን፣ ሰሙንና ቆዳውን በበቅሎና በሰው ሸክም ከጎሬ አውርዶ በመጋዘን ያከማቻል። ውኃው ሲሞላ ጭነቱ ወደ ካርቱም ይወርዳል፤ በምትኩ ጨውና አቡጀዴ ይመጣል። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. መሆኑን፣ ከጎሬ እስከ አዲስ አበባ ያለውንም የበቅሎ መንገድ ርዝመት ስናስብ፣ የምዕራቡ ቡና ለምን ፊቱን ወደ ባሮ እንዳዞረ ይገባናል።

ከዚያ ጦርነት መጣ። «ለጦር ሥራ አይውልም» የተባለው ቦታ በጣሊያን እጅ ገባ፤ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከሱዳን በኩል የገሰገሰው የእንግሊዝ ጦር አስለቀቀው። ከቤልጂግ ኮንጎ የመጡ ወታደሮችም በዚሁ አቅጣጫ ወደ ደምቢ ዶሎ፣ በዚያን ጊዜ ስሟ ሳዮ፣ ወጡ፤ በሰኔ መጨረሻ በዚያ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን ሰጠ።

የኪራዩ ማብቂያ ግን ያለ ጥይት ሆነ። ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነጻ ወጣች። ውሉ ያቆመው ቅድመ ሁኔታ ያኔውኑ ፈረሰ፤ በ1949 ዓ.ም. ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች። በዚያን ጊዜ አሰብና ምጽዋ በፌዴሬሽኑ በኩል ተከፍተዋል፤ ቆየት ብሎም የመኪናው መንገድ ሲስፋፋና በደቡብ ሱዳን ጦርነቱ ሲበረታ የወንዙ ንግድ ተዳከመ።

የሁለቱ ተከራካሪዎች ነገር እዚህ ላይ የሚያበቃ ይመስላል። ሆኖም በቡናው ዙሪያ እምብዛም የማይነሳ ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ ውሉ ሲፈረም የባሮ ዳር ሰው የት ነበር?

ያው ውል ወሰኑን ሲያሰምር በብዙ ቦታ ባሮን፣ ፒቦርንና አኮቦን ተከትሏል። ለካርታ ሠሪ ወንዝ ምቹ መስመር ነው፤ ከሩቅ ይታያል፤ ስም አለው። ለአኙዋክ ግን ወንዝ የሰፈሩ መካከል ነው፤ ሁለቱም ዳርቻ እርሻው ነው። ውኃው ሲሸሽ በተወው እርጥብ አፈር ላይ በቆሎውን ይዘራል። ለኑዌርም ወንዝ በበጋ ከብቱን ይዞ የሚወርድበት ውኃና ሣር ነው፤ ክረምት ሲመጣ ወደ ከፍታው ይመለሳል። እነዚህ ሕዝቦች ወንዙን የኑሯቸው ማእከል አድርገው ሲኖሩ፣ አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ወረቀት የአገር ጠርዝ አደረገው። ዘመድ ከዘመድ በሁለት መንግሥት ሥር ሆነ። አንዱ «ሸጡት» ሌላው «አልሸጡትም» እያለ ሲከራከር፣ መሬቱ ላይ የነበረውን ሰው ማን ጠየቀው የሚል በመካከል አይገኝም።

ኪራዩ ጊዜው ደርሶ አልፏል፤ የእንፋሎት መርከቦቹም ቀርተዋል። የወሰኑ መስመር ግን ዛሬም አለ፤ የዚያ ማዶው አገር ስም ብቻ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳን መሆኑ ቀርቶ ደቡብ ሱዳን ሆኗል። ከብቱ በበጋ ውኃ ፍለጋ ሲወርድ አሁንም ያንን መስመር ያገኛል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ወሬው እንደ ልማዱ ከዝናብ ተነስቶ ወደ ጋምቤላ ታሪክ ሲደርስ፣ «ተሸጣ ነበር ወይ?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ አልተሸጠችም፣ ተከራይታ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ ግን ይረዝማልና ቡናው ሁለተኛና ሦስተኛ ይቀዳ።