እጅ ያሰበውን አንደበት ሲሰድበው

የፈጠራ ችሎታ ለጥቂቶች ብቻ ከሰማይ የሚወርድ ጸጋ ነው የሚለው አስተሳሰብ ለረጅም ዘመን ሰፍኖ ኖሯል። የታሪክ ምስክርነት ግን ሌላ ነው። ፈጠራ የሚወለደው በሥራ ቦታ፣ እጅና አእምሮ በተገናኙበት ስፍራ ነው፤ የሚለመልመው ወይም የሚመክነውም ኅብረተሰቡ ለሠራተኛው በሚሰጠው ክብር ልክ ነው። ለዚህ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋፋትን መጥቀስ ይበቃል።

ጋፋት በደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኝ ስፍራ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ በተነሡበት ዘመን ከአውሮፓ የመጡ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን በዚያ አሰፈሩ። ከእነርሱም አንዱ ቴዎፍሎስ ቫልድማየር ነበር። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ እንጂ መድፍ ሊያፈሱ ስላልነበረ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መሣሪያ እንዲሠሩ ባዘዟቸው ጊዜ «አናውቅበትም» አሉ። ቴዎድሮስ ግን ይህን እንደ መልስ አልቆጠሩትም፤ የሰዎቹን አገልጋዮች አሥረው ሥራው እንዲሞከር አስገደዱ። ምድጃው ተተከለ፣ ሙከራው ከሸፈ፣ እንደገናም ተጀመረ። በመጨረሻም 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ። ስሙን ያገኘው በክሪሚያ ጦርነት ዝነኛ ከሆነችው የወደብ ከተማ ነው።

በ1860 ዓ.ም. ይህ ግዙፍ መድፍ በብዙ መቶ ሰዎች ጉልበት እየተጎተተ ገደልና ወንዝ አቋርጦ መቅደላ ደረሰ። መንገዱ ሲጠረግ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በዘመኑ የመሳፍንት ልማድ ከሥራ የራቀ እጅ የክብር ምልክት ነበረና ይህ አድራጎት እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ በመቅደላ ወደቁ፤ የጋፋት ባለሙያዎችም ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ። መድፉ በአምባው ላይ ቀረ፤ ያፈሰሰው ምድጃ ግን ወራሽ አጣ።

ምክንያቱ ምን ነበር? የጦሩ ሽንፈት አንዱ ምክንያት መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ሥሩ ከዚያ ይጠልቃል። አንደኛ፣ የጋፋት ሥራ በሰንሰለት ጥላ ሥር የተሠራ ነበር። በፍርሃት የሚሠራ ሰው የታዘዘውን ሊፈጽም ይችላል፤ ያልታዘዘውን አስቦ ለማቅረብ ግን አይደፍርም። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት በኅብረተሰቡ ውስጥ የነበረው የሙያ ንቀት ነው። ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው ባለሙያዎች እንዲመጡላቸው ጠየቁ፤ ባለሙያዎቹም ምጽዋ ከደረሱ በኋላ አውሮፓውያኑ እስረኞች ባለመፈታታቸው ተመለሱ። ከባሕር ማዶ ጥበብ ሲፈለግ ግን በዚያው በበጌምድርና በጎንደር አካባቢ ብረት የሚያቀልጡ፣ ማረሻና ጦር የሚሠሩ የአገር ልጆች ነበሩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ርስት የተነፈጉ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ገበሬው በእነርሱ ማረሻ እያረሰ፣ ወታደሩ በእነርሱ ጦር እየተዋጋ፣ «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው ነበር።

እንዲህ ያለ ስም የተለጠፈበት ሰው አዲስ ነገር ቢሠራ ምስጋና ሳይሆን ጥርጣሬ ይጠብቀዋል። በመሆኑም ጥበቡን ይደብቃል፤ ለልጁ ብቻ በምስጢር ያወርሳል፤ ከአባቱ ከተቀበለው ፈቀቅ ማለትንም ይፈራል። ለዘመናት የተገታው የእጅ ብልሃት ብቻ ሳይሆን የሚጠይቅ አእምሮም ጭምር ነበር።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውንና ገበሬውን በሙያው መስደብን ከለከሉ። አዋጁ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ሆኖም ስድብን ከአንደበት መከልከል ስድቡን የወለደውን ሥርዓት ከመለወጥ ጋር አንድ አይደለም። መሬት የክብር ሁሉ መለኪያ እስከሆነ ድረስ መሬት የሌለው ባለ እጅ ከንቀት ሊያመልጥ አይችልም ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከዕረፍታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ ከባለ ዕውቀቱ ጋር ሲገበያይ የድካሙን ዋጋ እንደሚያጣ አስረድተዋል። የሠራተኛውን አእምሮ የሚንቅ አገር ድህነትን በገዛ እጁ ይገዛል ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚቀሰመው ትምህርት በፋብሪካም ሆነ በመማሪያ ክፍል፣ በቢሮም ሆነ በቴአትር መድረክ ይሠራል። የከሸፈ ሙከራ እንደ ጥፋት ከተቆጠረ ሁለተኛ ሙከራ አይኖርም። ሠራተኛው «ይህ እንዲህ ቢሆንስ?» ብሎ ሲናገር የሚያዳምጥ ጆሮ ካላገኘ፣ ሐሳቡ ከእርሱ ጋር ይቀበራል። ያገኘው ብልሃት በአለቃው ስም ከተመዘገበም ዳግመኛ አያስብም፤ ቢያስብም አይናገርም።

የጋፋት አውሮፓውያን ስም በመጻሕፍት ሰፍሯል። ከሰል ያከሰሉት፣ ወናፍ የነፉት፣ መድፉን በትከሻቸው ገደል ያሻገሩት ኢትዮጵያውያን ስም ግን እምብዛም አይገኝም። ከእነርሱ መካከል ምድጃውን እየተመለከተ የተሻለ መላ ያሰበ፣ የሚጠይቀው አጥቶ ዝም ያለ ስንቱ ይሆን? ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጦ ይህን ጥያቄ ይጠይቃል። መልሱ የሚገኘው በሐውልትና በንግግር አይደለም፤ ሠራተኛው በሚሠራበት ቦታ፣ ሐሳቡ በሚደመጥበት ሰዓት ነው።