ለመስታወቱ የተመረጠ አጥንት

ታሪክ የሚጻፈው በብዕር ብቻ አይደለም፤ በመምረጥም ይጻፋል። ከብዙ ቅሪተ አካላት መካከል አንዱን አንሥቶ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚያኖር፣ ሌላውን በመሳቢያ ውስጥ የሚተው እጅ አንድም ቃል ሳይናገር ታሪክ ጽፏል። ተመልካች አጥንቱን ያያል እንጂ ምርጫውን አያይም። በአዲስ አበባው ብሔራዊ ሙዚየም ምድር ቤት ድንቅነሽ ፊት የሚቆም ጎብኚ «ስንት ዓመቷ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «ከእነዚያ ሁሉ መካከል እሷ ለምን ተመረጠች? የማየውስ እሷን ራሷን ነውን?» ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሣው የወደድሁት ይህንኑ ጥያቄ ነው።

እኔ የባንክ ሠራተኛ እንጂ የቅሪተ አካል ተመራማሪ አይደለሁም። ሆኖም ነገሩ በሁለት ወገን ይነካኛል። አንደኛ፣ የምኖረው ሮቢት ነው። ከራያ ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው የዞብል ተራሮች የዓለም ዳርቻ ይመስሉታል፤ ከእነርሱ ወዲያ ግን ምድሩ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲዘልቁም ወራንሶ ሚሌ፣ ሐዳርና ዲኪካ ይገኛሉ። የሰው ዘር ጥንታዊ መዝገብ ከተገለጠባቸው ስፍራዎች ዋና ዋናዎቹ እንግዲህ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሁለተኛ፣ እንጀራዬ የካዝናና የመስኮት ሥራ ነው። ምን ተቆልፎ እንደሚያድር፣ ምን ደግሞ ወጥቶ በሕዝብ እጅ እንደሚዞር መለየት የዕለት ተዕለት ተግባሬ ነው።

ነገሩን ከቀኑ እንጀምር። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. እሑድ፣ አሜሪካዊው ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ በሐዳር ሲዘዋወሩ አንዲት የክንድ አጥንት ስባሪ አዩ፤ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። በዚያ ምሽት በሰፈራቸው ደጋግሞ ይሰማ ከነበረው የቢትልስ ዘፈን «ሉሲ» የሚለውን ስም አወጡላት፤ እኛም በኋላ «ድንቅነሽ» አልናት። የእኛ አገር ታሪክ አንባቢ ግን ከዚያ እሑድ ይልቅ ዋዜማውን ያስታውሳል። ኅዳር 14 ሌሊት ደርግ ስድሳዎቹን ባለሥልጣናት ረሽኖ በአንድ ጉድጓድ ቀብሯቸዋል። አገሩ መርዶውን በሚሰማበት ዕለት፣ በአንዱ ጥግ ምድሪቱ ትኩስ ሬሳ ስትቀበል፣ በሌላው ጥግ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያቆየችውን አጥንት መለሰች። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አባቶች። ድንቅነሽ ግን ይህን አባባል ገለበጠችው፤ አጥንቷ ቀርቶ ስሟ ከጠፋ በኋላ፣ ባዳ በዘፈን ስም ሰጣት።

ለመሆኑ ለምን እሷ? ዕድሜን ብንቆጥር በአፋር ምድር ከእሷ የሚቀድሙ አሉ። በመካከለኛው አዋሽ፣ አራሚስ በተባለው ስፍራ በ1987 ዓ.ም. መገኘት የጀመረችው አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ናት፤ ዝርዝር ጥናቷ ለዓለም የቀረበው ከዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ልፋት በኋላ በ2002 ዓ.ም. ነው። ብዛትን ብንቆጥር፣ ድንቅነሽ በተገኘች በዓመቱ በዚያው በሐዳር «የመጀመሪያው ቤተሰብ» የተባሉ፣ ቢያንስ የ13 ግለሰቦች የሆኑ ከ200 በላይ ስባሪዎች ተገኝተዋል። ሕጋዊነትን ብንቆጥር ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1978 የድንቅነሽ ዝርያ «አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ» ተብሎ በአፋር ስም ሲሰየም፣ የስሙ መታወቂያ እንዲሆን የተመረጠው አጥንት እሷ አልነበረችም፤ ከታንዛኒያ፣ ከላኤቶሊ የተገኘ መንጋጋ ነበር። ስሙ የአፋር፣ ማኅተሙ የታንዛኒያ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ድንቅነሽ ከሁሉ የቀደመች አይደለችም፤ የዝርያዋ መታወቂያም አይደለችም። ያስመረጣት ሌላ ነው። ከአንድ ግለሰብ አፅም 40 በመቶ ያህሉ በአንድነት ተገኝቷል። በቁመት ከአንድ ሜትር ከዐሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ የማትበልጥ፣ የራስ ቅሏ ትንሽ፣ ዳሌዋና ጉልበቷ ግን በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ እንደነበር የሚመሰክሩ ናቸው። አእምሮ ከመስፋቱ አስቀድሞ ሰውነት ቀጥ ብሎ መቆሙን አንድ አካል ላይ ማሳየት ተቻለ። ለመስታወት ሣጥን የሚመረጥ ቅርስ አንዱ ጠባዩ ይህ ነው፤ ያለ አስተርጓሚ መናገር ይችላል። አንድ ጥርስ ለሊቅ ብዙ ይነግረዋል፤ ለእኔና ለመሰሎቼ ግን ጥርስ ብቻ ነው። ክንድና ዳሌ፣ የጎድን አጥንትና ጭን በሥርዓት ተደርድረው ስናይ ግን ሰው መሰል ነገር ከፊታችን ይጋደማል፤ ልባችንም ሳንጠየቅ ይመልሳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ፤ የምናየው እሷን ነውን? በብሔራዊ ሙዚየም ዘወትር ለተመልካች የሚቀርበው ቅጂዋ ነው፤ አንዱ ተጋድሞ፣ ሌላው ቆሞ። ዋናው አጥንት ተቆልፎ ይቀመጣል። ዋናዋ ከተገኘች በኋላ ለጥናት ወደ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ተወስዳ እ.ኤ.አ. በ1980 ነበር የተመለሰችው። ከዚያም በነሐሴ 1999 ዓ.ም. በሂውስተን ሙዚየም ለትዕይንት ቀረበች። እኛ አዲሱን ሺህ ዓመት ተቀብለን ችቦ ስናበራ፣ የአገሪቱ አንጋፋ ነዋሪ ቴክሳስ ነበረች። ሲያትልን፣ ኒው ዮርክንና ካሊፎርኒያን አዳርሳ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. ነው። ጉዞው ያለ ተቃውሞ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 የሙያው ማኅበር ዋና ቅሪተ አካላት አስገዳጅ ሳይንሳዊ ምክንያት ከሌለ ከተገኙበት አገር እንዳይወጡ ወስኖ ነበር፤ ስሚዝሶኒያን ትዕይንቱን አላስተናግድም አለ፤ ኬንያዊው ሪቻርድ ሊኪም ነቀፈው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኦባማ በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ዋናውን አጥንት አይተው በእጃቸው ነክተዋል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ድንቅነሽ ከሰላም ጋር በፕራግ ብሔራዊ ሙዚየም ለ60 ቀን እንድትታይ ወደ አውሮፓ ተጓዘች።

ይህን ሁሉ ሲሰማ አንድ የቆቦ ልጅ «ለሩቁ ዋናው፣ ለቅርቡ ቅጂው?» ቢል ማን ይፈርድበታል? ቅሬታው የእኔም ነው። ፍትሕን ካነሣን ግን ሁለቱንም ወገን መስማት ይገባል። በዚያው የአሜሪካ ጉዞ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የድንቅነሽ አጥንቶች በረቂቅ የራጅ መሣሪያ ተነሥተዋል። ከዚያ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2016 «ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው» የሚል ጥናት ወጣ፤ ጆሃንሰን ራሱ አልተቀበለውም፤ ክርክሩ ግን በማስረጃ የሚደረግ ክርክር ሆነ። ከዚህም የሚበልጠው፣ የትከሻዋና የጉልበቷ ምስል በኢትዮጵያ ፈቃድ ለሕዝብ ተለቅቆ ማንኛውም ትምህርት ቤት በማተሚያ መሣሪያ ቅርጹን እንዲያወጣ መፈቀዱ ነው።

እዚህ ላይ የካዝና ጠባቂነቴ ይናገር። ቅጂን መናቅ ስሕተት ነው። የብር ኖት ወረቀት ነው፤ ሰው ግን ላቡን አፍስሶ ይለውጠዋል፤ ከጀርባው የሚጠብቀው ሕግና ተቋም አለና። ቅጂም እንዲሁ ነው። የሚከበረው ዋናው በታመነ ስፍራ ተቀምጦ፣ በየጊዜው እየተቆጠረ፣ ለተመራማሪ እየተከፈተ ሲኖር ነው። የእኛ ካዝና በአንድ ሰው ቁልፍ አይከፈትም፤ ሁለት ሰዎች መቆም አለባቸው። የአገር አጥንትም ከአንድ ሰው በጎ ፈቃድ በላይ በሆነ ሥርዓት ሊጠበቅ ይገባዋል።

ዓለም ይህን በመከራ ተምሮታል። በቻይና የተገኙት የ«ፔኪንግ ሰው» ዋና ቅሪተ አካላት እ.ኤ.አ. በ1941 ከጦርነት ለማሸሽ ሲባል ተጭነው እንደወጡ ደብዛቸው ጠፋ፤ ሳይንስ እስከ ዛሬ የሚመረምረው ፍራንዝ ቫይደንራይክ አስቀድሞ ያስቀረጻቸውን ቅጂዎች ነው። በብራዚል፣ በእኛዋ ሉሲ ስም «ሉዚያ» የተባለችው የጥንት ሴት የራስ ቅል እ.ኤ.አ. በ2018 ብሔራዊ ሙዚየሙ ሲቃጠል ከፍርስራሽ ውስጥ በስባሪ ተለቅማ ወጣች። ሩቅ ሳንሄድ፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ስለዚህ «ዋናው ወደ ቆቦ ይምጣ» አልልም። ቅጂው ለምን አዲስ አበባ ላይ ቀረ? የምለው ይህን ነው። ኖት ከካዝና የሚወጣው ሊዞር ነው፤ ቅጂም ተሠርቶ በዋና ከተማ ብቻ ከቆመ ሥራውን አልሠራም።

መርጦ ማስቀመጥ የዘመናችን ፈጠራም አይመስለኝም። በአፋር፣ ሄርቶ ላይ በ1990 ዓ.ም. የተገኙትና ይፋ የሆኑት በ1995 ዓ.ም. የሆነው የራስ ቅሎች 160,000 ዓመት የሆናቸው የእኛው ዓይነት ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ የሕፃን ነው፤ ብርሃኔ አስፋው ያገኘው በብዙ ስባሪ ተበታትኖ ነበር። ሲገጣጠም በድንጋይ መሣሪያ የተተወ ጭረት ታየበት፤ ገጹም በተደጋጋሚ ከመዳሰስ የተነሣ ይመስላል፣ ለስልሷል። ተመራማሪዎቹ ይህን ከሞት ጋር የተያያዘ ሥርዓት ምልክት አድርገው ተረጐሙት። ትርጓሜው ከቀና፣ ያ ሰው ከብዙ ሙታን መካከል የአንድ ሕፃን ቅል መርጦ ለዘመናት ያህል በእጁ አቆየ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሙዚየም የእናት ወይም የአባት እቅፍ ሳይሆን አይቀርም።

በዚያ ምርጫ ውስጥ ያለው ሐዘን በእኛም ከተማ አለ። ኅዳር 14 የተቀበሩት የስድሳዎቹ አፅም በ1984 ዓ.ም. ከጉድጓድ ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አረፈ። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግን የሟቾች አፅም በመስታወት ውስጥ ለምስክርነት ቆሟል። አንዱን አጥንት ቀበርን፣ ሌላውን አሳየን፤ ሁለቱም ውሳኔዎች የክብር ውሳኔዎች ናቸው። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ በወሎ፣ በቆቦና በቆረም መንገድ ዳር ያለቁት ወገኖቻችን ግን ከሁለቱም አልታደሉም። ማንም ለመስታወት አልመረጣቸውም፤ ብዙዎቹንም በስማቸው የቀበራቸው የለም። የሦስት ሚሊዮን ዓመት አጥንት ቆጥረን የምናውቅ ሰዎች፣ የአባቶቻችንን ዘመን ሙታን ቁጥር በግምት እንናገራለን።

ስለዚህ «አንተ ብትመርጥስ?» የሚል ቢኖር፣ መልሴ ይህ ነው። ለቆቦ አንድ ክፍል ትበቃለች። ከድንቅነሽ ጉልበቷን አኖራለሁ፤ ተማሪው ከራሱ ጉልበት ጋር እንዲያስተያይ። ከአጠገቧ ታኅሣሥ 1 ቀን 1993 ዓ.ም. በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን በዲኪካ ያገኛትን፣ በሦስት ዓመቷ ገደማ የሞተችውን የሰላምን ቅል ቅጂ፤ ከአሸዋ ድንጋይ ነቅሶ ለማውጣት ዓመታት የፈጀውን ትዕግሥት ጭምር እየተረኩ። ከእርሷ ቀጥሎ የሄርቶን ሕፃን። ከእነዚህ ዝነኞች አጠገብ ደግሞ ስም የሌለው አንድ ጥርስ፤ ዝና ያላገኘውም ምስክር መሆኑ እንዲታወቅ። በግድግዳው ላይ የሁለቱን የረሃብ ዘመናት ዓመተ ምሕረት፣ ያለ ጌጥ።

ከሣጥኑ ሥርም በአማርኛና በአፋርኛ እንዲህ ብዬ አጽፋለሁ፦ «ይህ ቅጂ ነው። ዋናው በአዲስ አበባ ተቆልፎ ይጠበቃል። የተገኘው ከዞብል ተራሮች ወዲያ፣ በጎረቤት ምድር ነው።»