ገበሬው፣ ኮከቡና የዘመን ቆጠራችን

ለገበሬ ከዘር ጥራትና ከበሬ ጉልበት የማያንስ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጊዜ ነው። ቀድሞ የተዘራ እህል የመጀመሪያው ዝናብ ሲቋረጥበት በቅሎ ይደርቃል፤ የዘገየውም ፍሬ ሳይቋጥር ዝናቡ ያልፍበታል። በሁለቱም መንገድ የሚጎድለው የቤተሰብ ጎተራ ነው። የታተመ የቀን መቁጠሪያም ሆነ ራዲዮ ባልነበረበት ዘመን የሰው ልጅ ይህን ጊዜ ለማወቅ ያንጋጠጠው ወደ ሰማይ ነበር።

ደመና በሌለበት ጨለማ ሌሊት ወደ ላይ የተመለከተ ሰው ከዋክብቱን እንደ ተበተነ ጥሬ ብቻ አያያቸውም። ዓይኑ ሦስቱን በመስመር፣ ሰባቱን በአንድ ጉባኤ ያያይዛቸዋል። እንዲህ በአንድነት ቅርጽ የሠሩ የሚመስሉት ኅብረ ከዋክብት ይባላሉ። ሆኖም ጎረቤታሞች የሚመስሉት ከምድር ሆነን ስለምናያቸው ነው። ኦሪዮን ከሚባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ ቤላትሪክስ የተባለው ኮከብ 250 የብርሃን ዓመት ያህል ሲርቅ፣ ሪጄል ግን ከ800 የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል። በኮረብታ ላይ ያለ ጎጆና ከበስተኋላው ያለ ተራራ ከሩቅ ሲታዩ የተነካኩ እንደሚመስሉ ማለት ነው።

ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስለምትዞር እያንዳንዱ ኮከብ ከትናንት ይልቅ ዛሬ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይወጣል፤ በወር 2 ሰዓት ይሆናል። ብዙዎቹ ከዋክብት በዓመቱ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ በፀሐይ ብርሃን ተውጠው ይሰወሩና፣ ከዚያ ጎሕ ሲቀድ በምሥራቅ እንደገና ብቅ ይላሉ። ይህ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት ስለሚሆን ከዋክብት የገበሬ መቁጠሪያ ሆኑ። የግሪኩ ባለቅኔ ሄሲኦድ ከ2,700 ዓመታት ገደማ በፊት ለአገሩ ገበሬዎች ሲመክር፣ ሰባቱ ከዋክብት በንጋት ሲወጡ አጨዳ፣ ሲጠልቁ ደግሞ እርሻ እንዲጀመር ተናግሯል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚነካው የግብጽ ታሪክ ነው። የጥንት ግብጻውያን ከከዋክብት ሁሉ ደማቋን ሲሪየስን ሶፕዴት እያሉ ይጠሯት ነበር። ለ70 ቀናት ያህል ተሰውራ በበጋቸው ወራት በንጋት ስትመለስ፣ የዓባይ ሙላት መድረሱን ያውቃሉ። ዓመታቸውንም በሦስት ወቅት ከፈሉት፤ የሙላት፣ የቡቃያና የመከር። እያንዳንዱ ወቅት አራት ወር፣ እያንዳንዱም ወር 30 ቀን ነበረው። በመጨረሻም 5 ቀን ይጨመርበታል።

ኮከቧ ግን ውኃውን አላመጣችውም፤ መምጣቱን ብቻ አመለከተች። ያ ሙላት በኢትዮጵያ ደጋ የጣለ የክረምት ዝናብ ነበር። በዓባይና በተከዜ በኩል ወርዶ ለግብጽ ገበሬ ውኃና ለም ደለል ያደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የአስዋን ታላቁ ግድብ ሲጠናቀቅ ዓመታዊው ሙላት ከግብጽ ማሳዎች ቀረ።

የ365 ቀኑ መቁጠሪያ አንድ ጉድለት ነበረበት። ዓመቱ ከ365 ቀን በሩብ ቀን ያህል ስለሚበልጥ፣ በየ4 ዓመቱ አንድ ቀን ይዛነፋል። ከትውልዶች በኋላ የመከር ወር ተብሎ የተጻፈው በሙላት ጊዜ ይውል ጀመር። ኮከቧ ግን ወቅቷን ጠብቃ ስትወጣ ስሕተቱን ታጋልጥ ነበር። ንጉሥ ጰጥሊሞስ ሦስተኛ በነገሠበት ዘመን፣ በ238 ዓመተ ዓለም ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ በየ4 ዓመቱ 6ኛ ቀን እንዲጨመር ቢታወጅም ሥር አልሰደደም። በሥራ ላይ የዋለው ሮማውያን ግብጽን ከያዙ በኋላ በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን ነው። የእኛም 12 ባለ 30 ቀን ወራት፣ 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜም ከዚሁ የእስክንድርያ አቆጣጠር የተወረሱ ናቸው።

በአገራችንም ሰማይን ማንበብ የቆየ ሙያ ነው። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ስለ ገዳ በተጻፈ መጽሐፍ፣ የቦረና አያንቱዎች ጨረቃን ከተወሰኑ ከዋክብት ጋር እያስተያዩ ወራትን እንደሚቆጥሩ ገልጸዋል። በታችኛው ኦሞ የሚኖሩት ሙርሲዎችም የወንዙ ሙላት ሲሸሽ በዳርቻው ይዘሩ ስለነበር፣ በደቡብ መስቀል አካባቢ ያሉ ከዋክብት በምሽት የሚሰወሩበትን ጊዜ ከወንዙ ጋር ያስተያዩ ነበር። ወሩ ስንተኛ እንደሆነ መከራከር በእነርሱ ዘንድ የተለመደ ነበር፤ ክርክሩን ይፈታ የነበረው ኋላ ላይ የሚታየው የወንዙና የሰማዩ ምልክት ነው።

ሐመል፣ ሠውር፣ ጀውዛ እየተባለ የሰው ዕድል የሚነገርበትም ልማድ አለ። ይህ ግን ከገበሬው ቆጠራ የተለየ ነው። ኮከብ ወቅት መድረሱን ይናገራል እንጂ ዝናቡ ይብዛ ይነስ፣ ማን ይክበር ማን ይደህይ አይናገርም። የዓለም የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1922 ሰማዩን በ88 ኅብረ ከዋክብት እንዲከፈል ሲስማማ ዓላማው ሰው ሁሉ አንዱን ኮከብ በአንድ አድራሻ እንዲያገኘው ነበር።

ዛሬ ገበሬው የሚዘራበትን ቀን ለመወሰን የሜትሮሎጂ ትንበያ ይሰማል፤ የአፈሩን እርጥበት ይመለከታል፤ ከጎረቤቱ ጋር ይመክራል። ይሁን እንጂ ጳጉሜን ቆጥሮ መስከረምን ሲቀበል የሚጠቀምበት መቁጠሪያ፣ ውኃ ይጠብቅ የነበረ ሌላ ገበሬ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ኮከብ በማየቱ የተገኘ ነው።