አንዲት ጠብታ ደም፦ ማይክሮስኮፕ በጣና ዙሪያ



መራዊ ላይ ስለ ማይክሮስኮፕ ታሪክ እንድናገር ስጋበዝ፣ ከመካከላችሁ ስለ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና ስለ ረቂቅ ሌንሶች ልሰማ ነው ብሎ የመጣ ይኖር ይሆናል። እኔ የመረጥሁት ግን በየጤና ጣቢያችን ጠረጴዛ ላይ የሚገኘውን ተራ ማይክሮስኮፕና ከሥሩ የምትቀመጠውን አንዲት ጠብታ ደም ነው። በጣና ዙሪያ ይህ መሣሪያ የሰውን ሕይወት በሰፊው የነካው በዚህ መንገድ ስለሆነ ነው። የማቀርበው ሐሳብም አንድ ነው፦ ማይክሮስኮፕ የሚያሳየው የሠለጠነ ዓይን ሊያነበው የሚችለውን፣ ያውም አስቀድሞ የተጠየቀውን ነው። ያለፉት 70 ዓመታት የአካባቢያችን ታሪክ ይህን ደጋግሞ አስተምሮናል።

ከመነሻው እንጀምር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሆላንዱ የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌወንሁክ በገዛ እጁ ባበጃቸው ሌንሶች የደም ሕዋሳትን አይቷል። የወባ ተሕዋስ በዚያው ደም ውስጥ እስኪታይ ግን ሌላ 200 ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄርያ ውስጥ ቆንስጣንጢን በተባለችው ከተማ የሚሠራው ፈረንሳዊ ወታደራዊ ሐኪም አልፎንስ ላቨራን፣ ቀለም ባልነካው የአንድ ወታደር ደም ውስጥ ክር መሰል ጅራፎቻቸውን የሚያወናጭፉ ሕያዋን አካላት አየ። ብዙ ሊቃውንት ለዓመታት አልተቀበሉትም። የወባ መንሥኤ በረግረግ አፈር ውስጥ የሚገኝ ባክቴሪያ ነው የሚለው አስተሳሰብ በዘመኑ ገንኖ ስለነበር፣ በዚያው መሣሪያ የሚያዩ ዓይኖች ሌላ ነገር ይፈልጉ ነበር።

ላቨራን በብርቱ ትዕግሥት ያየውን ማንኛውም የሠለጠነ ባለሙያ እንዲያየው ያስቻለው ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ሩስያዊው ዲሚትሪ ሮማኖቭስኪ ሜቲሊን ብሉንና ኢዮሲንን በማዋሐድ የተሕዋሱን ኒውክለስ ከሳይቶፕላዝሙ ለይቶ አቀለመ። እ.ኤ.አ. በ1904 ጀርመናዊው ጉስታቭ ጊምዛ ውሕዱን አሻሽሎ ሳይበላሽ እንዲቆይ አደረገው። ዛሬ በመራዊም ሆነ በባሕር ዳር ላቦራቶሪዎች የምንጠቀምበት ማቅለሚያ በስሙ ይጠራል። በመካከሉም፣ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ያረጋገጠው ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1903 የወፍራም ቅብን ዘዴ አስተዋወቀ።

ዘዴው ቀላል ይመስላል። ወፍራሙ ቅብ በሜታኖል አይጸናም፤ ስለዚህ በማቅለሚያው ውስጥ ያለው ውኃ ቀይ የደም ሕዋሳቱን ያፈርሳቸዋል፣ ተሕዋሱ ግን ይቀራል። በርካታ የደም ድርብርብ በአንድ እይታ ስለሚመረመር ጥቂት ተሕዋስ እንኳ ይገኛል። ቀጭኑ ቅብ በሜታኖል ስለሚጸና ሕዋሳቱ ቅርጻቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ የተሕዋሱ ዝርያ የሚለየውም በዚህ ነው። በአገራችን ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ጎን ለጎን ይገኛሉ። የመጀመሪያው ፈጥኖ ይገድላል፤ ሁለተኛው ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ያገረሻል። መድኃኒታቸውም የተለያየ በመሆኑ የአንባቢው ፍርድ በቀጥታ ወደ ማዘዣው ወረቀት ይሻገራል።

ተማሪዎችን በዚህ ጠረጴዛ ፊት ሳስቀምጥ የኖርሁ መምህር እንደመሆኔ፣ ጀማሪ ዓይን በመጀመሪያ የሚያገኘው ወባን እንዳልሆነ አውቃለሁ። የቀለም ዝቃጭ ያገኛል፤ በቀይ ሕዋስ ላይ ያረፈ ፕሌትሌት ያገኛል፤ ሁለቱንም ወባ ነው ይላል። የማቅለሚያው ውኃ ፒኤች ከ7.2 ርቆ አሲዳማ ከሆነም ቀለሙ ይዛባል፣ የተሕዋሱ መለያ ይደበዝዛል። «የለም» ለማለት ደግሞ በሺህ እጥፍ አጉልቶ ቢያንስ 100 እይታዎችን መቁጠር ያስፈልጋል። በወባ ወራት በር ላይ የተሰለፈው ሕዝብ ብዙ፣ ባለሙያው አንድ ሲሆን፣ እነዚያን 100 እይታዎች መጨረስ የዕውቀትም የኅሊናም ጉዳይ ይሆናል።

አሁን ወደ ጣና ዳር እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1953 ከሐይቁ በስተ ሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በቀጣዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲመሠረት፣ ይህ ጥፋት ለምሥረታው ካበቁት ምክንያቶች አንዱ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክ ጀመረ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ማለትም ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. መግቢያ፣ ከዚያ የከፋው መጣ። ከባሕር ወለል በላይ በ1,600 እና በ2,150 ሜትር መካከል በሚገኘው ሰፊ የደጋና የወይና ደጋ ምድር 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፣ 150,000 ያህል ሞተ ተብሎ ተገመተ። መራዊ የተቀመጠችበት ከፍታም ከዚህ ክልል አይወጣም። ንዳድ የቆላ በሽታ ነው ብሎ የኖረ ሕዝብ በገዛ ቀዬው ተያዘ።

እነዚህ ቁጥሮች ግምት የሆኑበትን ምክንያት ልብ በሉ። ከሞቱት አብዛኞቹ ደማቸው ከስላይድ ላይ ሳያርፍ ተቀብረዋል። በቀጣዩ ዓመት የወባ ማጥፋት አገልግሎት ሲቋቋም ዋና መሣሪያው በየቤቱ የሚረጨው ዲዲቲ ነበር፤ የርጭቱን ውጤት የሚመሰክረው ግን ማይክሮስኮፑ ነበር። በየቤቱ ትኩሳት ያለበትን ሰው ፈልጎ፣ ጣቱን ወግቶ፣ ስላይዱን ለንባብ መላክ የማጥፋት ዘመቻው ሥርዓት ሆነ። ወባ ባይጠፋም የሥርዓቱ አሻራ ቀረ፦ የበሽታውን ስም ከትኩሳቱ ሳይሆን ከደሙ የመጠየቅ ልማድ።

ይህ ልማድ ራሱ ወሰን እንዳለው ያሳየን ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ያለው የሊቦ ከምከም ወረዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በዚያ ብዙ ሰዎች በረጅም ትኩሳት፣ በክሳትና በጣፊያ ማበጥ ይሠቃዩ ጀመር። ምልክቶቹ ወባን ይመስላሉ፤ ሕሙማኑም የወባ መድኃኒት ወስደው አልዳኑም። ስለዚህ በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ። ምርመራው ሲጠልቅ በሽታው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር ካልታከመ በአብዛኛው የሚገድል፣ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው በሽታ ሲሆን፣ በዚያ ደጋ አይታወቅም ነበር። ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ወደ መተማና ሑመራ ቆላ ወርደው የሚመለሱ ወቅታዊ ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀረ ይታመናል። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 2,450 አዲስ ሕሙማንና 120 ሟቾች ተመዘገቡ።

ለታሪካችን ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ የካላዛር ተሕዋስ በጊምዛ ይቀለማል፣ በዚያው ማይክሮስኮፕ፣ በዚያው ማጉያ ይታያል። ነገር ግን መኖሪያው ጣፊያና መቅኒ ስለሆነ፣ ከጣት በተወሰደ ደም ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ «ወባ አልታየም» የሚለው ውጤት ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ሕመምተኛው ግን በዚያ ውጤት አይድንም። የጎደለው የተሻለ ሌንስ ሳይሆን ሌላ ጥያቄ ነበር።

እዚሁ መራዊ አጠገብም ጥያቄ የሚያስነሣ ውኃ አለን። የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት እንዲያለማ የተሠራ ነው፤ ለገበሬው በረከት መሆኑን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ዘወትር እርጥብ የሆነ ቦይ ግን ለቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣም ይስማማል። የአንጀት ቢልሃርዚያን ለማወቅ የምንጠቀምበት የካቶ ካትዝ ዘዴ ከጃፓን ተነሥቶ በብራዚል የተሻሻለ ነው፤ 41.7 ሚሊግራም ዓይነ ምድር በወንፊት ተጣርቶ ስላይድ ላይ ይነጠፋል፣ የተቆጠረው የትል እንቁላል በ24 ተባዝቶ በግራም ስንት እንደሆነ ይታወቃል። ይህም ያው ማይክሮስኮፕ ነው። ሌላ ናሙና፣ ሌላ ጥያቄ።

በመጨረሻ ወደ ዘመናችን ልምጣ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ሲሰማሩ፣ ማይክሮስኮፕና መብራት በሌለበት ጤና ኬላ ወባን ለመለየት ፈጣን መመርመሪያ ተሰጣቸው። ጥቅሙ የማያከራክር ነው፤ እናት ልጇን አዝላ ረጅም መንገድ ሳትሄድ በ20 ደቂቃ ገደማ መልስ ታገኛለች። ከዚህ የተነሣ የስላይድ ንባብ ዘመኑ ያለፈበት ሙያ ነው የሚል አስተያየት ከተማሪዎቼም ከባልደረቦቼም ሰምቻለሁ።

ተሕዋሱ ግን ሌላ መልስ ሰጠ። መመርመሪያው ፋልሲፓረምን የሚያውቀው ኤችአርፒ2 በተባለ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል የጎደላቸው ተሕዋስያን እ.ኤ.አ. በ2010 በፔሩ መኖራቸው ተዘገበ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በኤርትራ፣ በማይክሮስኮፕ ወባ የታየባቸው ሕሙማን በፈጣኑ መመርመሪያ ነጻ እየተባሉ መሆኑ ተደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎችን ያካተተ ጥናት ደግሞ፣ በዚህ ጉድለት ምክንያት መመርመሪያው 9.7 በመቶ የሚሆኑትን የፋልሲፓረም ሕሙማን እንደሚስት ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው እንዲቀየር የሚመክረው ጉድለቱ ከ5 በመቶ ሲበልጥ ነው። ስሕተቱ ለራሱ ለተሕዋሱ የሚጠቅም መሆኑም አይዘንጋ፦ ያልታየው አይታከምም፣ ያልታከመው ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን በተመዘገቡበት ጊዜ ይህ ጥቂት ነገር አይደለም።

መመርመሪያዎቹ በሌላ ዓይነት ሊተኩ ይችላሉ፤ መተካትም ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ፈጣን መመርመሪያ መልስ የሚሰጠው ለተሠራበት ጥያቄ ብቻ ነው። ወባ ሲፈለግበት በቆየ ስላይድ ላይ በቅማል የሚተላለፈውን የሚያገረሽ ትኩሳት ጠምዛዛ ባክቴሪያ አይቶ «ይህ ሌላ ነው» የሚለው ሰው ነው። መሣሪያ ሲሳሳት የሚታወቀውም ከጎኑ ሌላ ምስክር ካለ ነው።

ስለዚህ ለፋኩልቲያችንም ለጤና ጣቢያዎቻችንም የማሳስበው ሦስት ነገር ነው። የተማሪው የማይክሮስኮፕ ሰዓት በሥዕልና በቪዲዮ አይተካ። ከተነበቡት ስላይዶች ጥቂቶቹ ተጠብቀው የመጀመሪያውን ውጤት በማያውቅ ሌላ አንባቢ በየጊዜው ይነበቡ፤ ይህ የባለሙያው ክስ ሳይሆን የሙያው ጥበቃ ነው። ሐኪሙም «ወባ የለም» የሚል ወረቀት ሲደርሰው፣ ትኩሳቱ አሁንም እንዳለ ያስታውስ፤ ቀጣዩንም ጥያቄ ይጠይቅ።

በ1951 ዓ.ም. ደማቸው ሳይታይ የተቀበሩት፣ የሚያነብላቸው ሰው በአቅራቢያቸው ስላልነበረ ነው። ዛሬ መራዊ ውስጥ ማይክሮስኮፑም አንባቢውም አለ። አንባቢው ነገም እንዲኖር የማድረጉ ኃላፊነት በዚህ አዳራሽ ባለነው ላይ ነው።