ስድስት ሲሊንደር እና አንድ የሚሰበር ዘንግ

ሮልስ ሮይስ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን የቆዳ ወንበሩና ዋጋው ነው። እኔን ግን ከሁሉም የሚስበኝ ኩባንያው ገና ማንቸስተር እያለ ያስቸገረው አንድ ብረት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄንሪ ሮይስ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች አምራች ነበር። በ1904 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ መኪናውን ሠራ፤ ሞተሩ ባለሁለት ሲሊንደር ነበር። በዚያው ዓመት ቻርልስ ሮልስ ከሚባል መኪና ሻጭ ጋር ተዋወቀ፤ ሮልስም መኪኖቹን ሊሸጥለት ተስማማ። የሮልስ ደንበኞች ባለጸጎች ናቸው፤ ጉልበትም ጸጥታም ይፈልጋሉ። መልሱ ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር መሰለ። ስሌቱም ልክ ነው፦ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር ሲደረደር የአንዱ ፒስተን ግፊት የሌላውን ያጠፋዋል፣ ሞተሩም አይንዘፈዘፍም።

በ1905 የመጣው ባለ30 የፈረስ ጉልበት ሞተር ግን ክራንክሻፍት ይሰብር ጀመር። ክራንክሻፍት ማለት የፒስተኖቹን ላይ ታች ማለት ወደ ዙር የሚቀይረው ዘንግ ነው። ሲሊንደር ሲበዛ ዘንጉ ይረዝማል፤ ረጅም ብረት ደግሞ ምንም ጠንካራ ቢመስል በጥቂቱ እንደ ሞላ ይጠማዘዛል። እያንዳንዱ ፍንዳታ ይጠመዝዘዋል፣ እሱ ደግሞ ተመልሶ ይፈታል። ሞተሩ የሆነ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ፍንዳታው ከዘንጉ መወዛወዝ ጋር ይገጥማል። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ ገፍታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ በሰዓቱ የተደጋገመ ትንሽ ግፊት ልጁን ሰማይ ያደርሰዋል። ዘንጉም በመጨረሻ ይደክምና ይሰበራል።

ኮድ ጽፎ ለሚያድር ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም። አንድ ሰርቨር ለአፍታ ይወድቃል፤ የሚጠቀሙበት ፕሮግራሞች በሙሉ ልክ በአምስተኛው ሰከንድ እኩል ተመልሰው ያንኳኩና ደግመው ይጥሉታል። እያንዳንዱን ለብቻ ብትፈትሹት ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው እኩል በመምጣታቸው ላይ ነው።

ሮይስም ዘንጉን በማወፈር ብቻ አላቆመም። በኅዳር 1906 እ.ኤ.አ. ለንደን ኦሊምፒያ ላይ በቀረበው 40/50 በተባለው መኪና፣ ቀድሞ ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት ቡድን ይሠሩ የነበሩት ሲሊንደሮች ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ቡድን መጡ። ዘንጉ ወፈረ፣ በሰባት ቤሪንግ ተደገፈ፣ ዘይትም በግፊት ይደርሰው ጀመር። ሌላም ዘዴ ነበረው፦ የዘንጉ ጫፍ ላይ በሰበቃ ብቻ የተያዘ ትንሽ ፍላይዊል። ዘንጉ ሲወዛወዝ ፍላይዊሉ በራሱ ፍጥነት መሽከርከር ስለሚፈልግ ይንሸራተታል፤ ሰበቃው ውዝዋዜውን ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። የዳይምለር አማካሪ የነበረው ፍሬደሪክ ላንቸስተርም ለተመሳሳይ ችግር የራሱን መፍትሔ አግኝቶ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ማን ቀደመ የሚለው ያከራክራል።

በ1907 ሲልቨር ጎስት የተባለችው 40/50 ወደ 24,000 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ተፈተነች። በመንገድ ላይ ሳይታሰብ የቆመችው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም መንገዱ ሲያንገጫግጫት የቤንዚን ቧንቧው መዝጊያ በራሱ ስለተዘጋ ነው። ክራንክሻፍቱ ደህና ነበር።

ስድስት ሲሊንደር ጸጥ ይላል ያለው ስሌት ከመጀመሪያውም አልተሳሳተም። ብረት እንደሚጠማዘዝ ግን አላሰበም።