«ጊቭ አፕ» በቀፊራ

በቀደም ዕለት፣ ከባንክ ለምሳ ወጥቼ ቀፊራ ገበያ ከቅስቱ በር አጠገብ ሻይ ስጠጣ፣ የሻይ ሻጯ ልጅ የእንግሊዝኛ ደብተሩን አሳየኝ። «ጊቭ አፕ» ከሚለው ግስ ትይዩ «ተስፋ መቁረጥ» ብሎ ጽፏል፤ መምህሩም ልክ ነው ብለውለታል። እኔ ግን ቅር አለኝ።

«ጊቭ» መስጠት ነው፤ «አፕ» ወደ ላይ። ሲጣመሩ ግን ፍቺው ከሁለቱም ይርቃል፤ «ብድግ አለ» ስንል «አለ» መናገርን እንደማያመለክት ሁሉ። ቀድሞ ምሽግን ለጠላት ማስረከብን ይገልጽ ነበር፤ እኛም «እጅ ሰጠ» ስንል መስጠቱ አልቀረልንም። ኋላ ማቆምና መተውም ተጨመሩበት። ሲጋራ ያቆመም፣ በአውቶቡስ ወንበሩን ለአዛውንት የለቀቀም በእንግሊዝኛው በዚሁ ግስ ይነገርላቸዋል፤ ከሁለቱ ግን ተስፋ የቆረጠ የለም።

ድሬዳዋ ራሷ የዚህ ግስ ልጅ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዛዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ከጅቡቲ የሚነሣው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። ተራራው ግን እጅግ ከበደ። ሐዲዱ ሽቅቡን ትቶ (ያን «አፕ» የተባለውን ማለቴ ነው!) ግርጌውን ያዘ፤ በ1902 መጨረሻ ባቡሩ እዚህ ሜዳ ደረሰ፤ አዲሱም ሰፈር «አዲስ ሐረር» ተባለ። ኩባንያው ከስሮ ሥራው ለዓመታት ተቋርጦ ነበር፤ ያም ሆኖ በ1917 ሐዲዱ አዲስ አበባ ገባ። ታዲያ ሐረርን የተወው ተስፋ ቆርጦ ነው?

ነገሩ የከነከነኝ ያለ ምክንያት አይደለም። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። የአዲስ አበባው አሮጌ መስመር በ2000ዎቹ ማብቂያ ከቆመ በኋላ ወደ ጣቢያው መሄድ ሲያቆም፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ተስፋ ቆረጠ» አለው። እኔም ብዬዋለሁ። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ማታ ማታ የኪስ ሰዓቱን ይሞላ፣ ከሬዲዮ ጋር ያስተካክል ነበር።

በደብተሩ ላይ ከ«ተስፋ መቁረጥ» ጎን «መተው» ብዬ ጨመርኩ።

«ጋሼ፣ መምህሩ ተሳስተዋል ማለት ነው?» አለ ልጁ።

«አንዳንዴ ልክ ናቸው» አልኩት።

እናቱ ከጀበናዋ ቀና ብላ፣ «ብቻ የሻዩን ሒሳብ እንዳትተወው» አለችኝ።