የቅርንፉድና የገውዝ ዋጋ፤ የአንድ ሞኖፖል ታሪክ

ብቸኛ ሻጭ እንደ ልቡ ዋጋ ይቆርጣል የሚለው አስተያየት በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ይሁንና አባባሉ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ዋጋው ሲበዛበት እጁን የሚሰበስብ ገዥ ስላለ፣ ብቸኛው ሻጭ በእርግጥ የሚያዝዘው ለገበያ በሚቀርበው ዕቃ ብዛት ላይ ነው። ስለዚህ ሞኖፖል የሚመዘነው በሰቀለው ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ ዋጋው እንዳይወርድ ሲል ባስቀረው ምርት ጭምር ነው። የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በቅመማ ቅመም ንግድ የፈጸመው ተግባር ለዚህ ግልጽ ምስክር ነው።

ኩባንያው በ1602 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲቋቋም፣ ከመልካም ተስፋ ርእሰ ምድር በስተምሥራቅ የሚካሄደውን የሆላንድ ንግድ ለብቻው እንዲይዝ ተፈቀደለት። ውል የመዋዋል፣ ምሽግ የመሥራትና ጦር የማሰለፍ ሥልጣንም ተሰጠው። በዚያን ዘመን ለገበያ የሚቀርበው ገውዝ የሚበቅለው ዛሬ የኢንዶኔዥያ ግዛት በሆኑት በጥቂቶቹ የባንዳ ደሴቶች ነበር። የቅርንፉድ ዛፍም ከዚያ በስተሰሜን ባሉት የሞሉካ ደሴቶች ተወስኖ ይገኝ ነበር።

የባንዳ ሰዎች ከእንግሊዞችና ከእስያ ነጋዴዎች ጋር መገበያየታቸውን ባለመተዋቸው፣ የኩባንያው ገዥ ያን ፒተርስዞን ኩን በ1621 መርከቦች አሰልፎ ደሴቶቹን ወጋ። ከወረራው በፊት 15,000 ያህል ይገመት ከነበረው ሕዝብ በሥፍራው የቀረው ወደ 1,000 የሚጠጋ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ሌላው በጦር፣ በረኃብና በስደት አለቀ፤ ወይም ለባርነት ተጋዘ። መሬቱ ተሸንሽኖ ለአውሮፓውያን ሰፋሪዎች ታደለ፤ በባሪያ ጉልበት የሚለማውንም ገውዝ ኩባንያው ራሱ በወሰነው ዝቅተኛ ዋጋ ይረከብ ጀመር።

ቅርንፉድ በብዙ ደሴቶች ይበቅል ስለነበረ ቁጥጥሩ የበለጠ አስቸገረ። በመሆኑም ኩባንያው በ1652 ከተርናቴ ሱልጣን ጋር ተዋዋለ፤ ሱልጣኑ በየዓመቱ ገንዘብ ሊቀበል፣ በግዛቱ ያለው የቅርንፉድ ዛፍም ሊቆረጥ ተስማሙ። ተክሉ በአምቦንና በአጠገቧ ባሉት ደሴቶች ብቻ እንዲቀር ተደረገ። የጦር ጀልባዎችም በየጊዜው እየዞሩ ከተፈቀደው ሥፍራ ውጭ የበቀለውን ያስመነጥሩ ነበር። በስውር የሚሸጥ ቅርንፉድ ይወጣበት የነበረው የማካሳር ወደብ ከ1666 እስከ 1669 በተካሄደ ጦርነት በኩባንያው እጅ ወደቀ።

ነጋዴ የሚሸጠውን ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ ስለ ምን ይቆርጣል? ምክንያቱን በቀላል ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ብቸኛ ሻጭ 100 ጆንያ በ10 ጊልደር ቢሸጥ 1,000 ጊልደር ያገኛል እንበል። ጆንያውን 120 ቢያደርሰው ገዥዎች ሁሉንም የሚያነሱት ዋጋው ወደ 8 ሲወርድ ነው ቢባል፣ ገቢው 960 ይሆናል። ሃያው ትርፍ ጆንያ በነጻ የተገኘ እንኳ ቢሆን አርባ ጊልደር አጉድሎበታል። በአንጻሩ ዋጋውን 15 ቢያደርስና የሚሸጠው 50 ጆንያ ብቻ ቢሆን፣ ገቢው ወደ 750 ይወርዳል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦጉስታን ኩርኖ በ1838 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ በማዕድን ውሃ ምንጭ ባለቤት መስሎ በሒሳብ ቀመር አስቀመጠው። ደንቡም፣ ብቸኛ ሻጭ አንድ ተጨማሪ ዕቃ የሚያስገኘው ገቢ ዕቃው ከሚጠይቀው ተጨማሪ ወጪ ጋር እስኪስተካከል ድረስ ያመርታል፤ ከዚያም ይቆማል የሚል ነው። ኩባንያው ቀመሩን ሳያውቅ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ሠርቶበታል። በ1760 በአምስተርዳም ብዙ ገውዝና ቅርንፉድ ሲቃጠል የተመለከተ አንድ ፈረንሳዊ የተፈጥሮ ተመራማሪም ምስክርነቱን በጽሑፍ ትቷል።

ከዚህ ጋር የቁንዶ በርበሬን ንግድ ማነጻጸር ይጠቅማል። ኩባንያው ያው፣ መርከቦቹም እነዚያው ነበሩ። ቁንዶ በርበሬ ግን በሕንድ የማላባር ጠረፍ፣ በሱማትራና በሌሎችም ቦታዎች ይበቅል ስለነበረ፣ እንግሊዞችም እኩል ይገዙት ስለነበረ፣ ኩባንያው አቅርቦቱን ሊወስን አልቻለም፤ ዋጋውም በአሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት ውስጥ ወረደ። የልዩነቱ ምንጭ የሻጩ ስግብግብነት ማነስ ወይም መብዛት ሳይሆን፣ ምርቱን የመቆጣጠር ችሎታው ነበር።

ይኸው ቁጥጥር ግን ለዘለቄታው አልሆነም። ምሽግና የጦር ጀልባ ወጪ ይጠይቃሉ፤ የተሰቀለውም ዋጋ ተወዳዳሪን ይጠራል። ፒዬር ፕዋቭር የተባለው የፈረንሳይ ሹም ባደራጀው ጉዞ በ1770 የገውዝና የቅርንፉድ ችግኝ በስውር ተወስዶ ዛሬ ሞሪሸስ በምትባለው ደሴት ተተከለ። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ ዛንዚባር በቅርንፉድ ምርት ከዓለም ቀዳሚ ሆነች። ኩባንያው ራሱ ከ1780 እስከ 1784 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ጦርነት ተጎድቶ፣ በዕዳና በሹማምንቱ ምዝበራ ተዳክሞ በ1799 መጨረሻ ፈረሰ።

እንግዲህ ሞኖፖልን የሚመረምር ባለሙያ የዋጋ ዝርዝሩን ብቻ አይቶ ሊፈርድ አይገባውም። ያልተተከለው ምን ያህል ነው? ተቆርጦ ወይም ተቃጥሎ የቀረውስ? ከሥራው የተፈናቀለውስ ማን ነው? ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የባንዳ ሕዝብ የከፈለው ዋጋ በአምስተርዳም የሒሳብ መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ ይሁን እንጂ መዝገቡ ላይ የሰፈረው ትርፍ የተገኘው በእርሱ ጥፋት ነው።